የጣርማበር ዳገትና የሞተር ብሎን

ሸዋ ሮቢት ላይ ጭኖ የተነሣ አይሱዙ ወደ ደብረ ሲና ፊቱን ሲያዞር ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ግድም ላይ ነው። ወደ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የጣርማበር ዋሻ አፍ ሲደርስ ግን 3,000 ሜትርን አልፏል። ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ጥምዝምዝ ሾፌሩ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሲገፋ ይቆያል። ከኋላው ያለ ሚኒባስ ለመቅደም ጥሩንባውን ይነፋል፤ የናፍጣው ጥቁር ጭስ ከገደሉ ከሚነሣው ጉም ጋር ይቀላቀላል። የረዳቱ ዓይን ከሙቀት መለኪያው ቀስት ላይ አይነሣም። ቀስቱ ወደ ቀዩ ከተጠጋ ዳር ይዞ መቆም፣ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን ድረስ እየተንፏቀቁ መግባት ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ዋሻ ካለፉ በኋላ እስከ ደብረ ብርሃን መንገዱ ደጋ ለደጋ ነው።

በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ሁሉ ዳገቱ ላይ ሞተሩ እንደሚደክም ያውቃል። ምክንያቱ አየር ነው። ደብረ ብርሃን የምትገኘው 2,840 ሜትር ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 71 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጣርማበር ላይ ወደ 68 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው፤ አየሩ ሲሳሳ በደንብ ማቃጠል የሚችለው ናፍጣም በዚያው ልክ ያንሳል። በየጤና ጣቢያው አምቡላንስ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የመስክ መኪና ሆኖ የምናውቀው ላንድ ክሩዘር የሚሠራበት 1ኤችዜድ ሞተር 4.2 ሊትር ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ሩብ ያህሉን አጥቶ ነው የሚሠራው። ከዚያ ወደ አንኮበር፣ ከአንኮበርም ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በሽተኛ ለማምጣት የሚመላለስ አምቡላንስ ይህን ጉድለት በየቀኑ ይከፍለዋል።

ስለዚህ ሰው ሞተሩን ያሻሽላል። አንዱ ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ቱርቦ ያስገጥማል። ሌላው ፖምፓውን አስከፍቶ ናፍጣ ያስጨምራል። ቱርቦ ያለው ደግሞ ግፊቱን ከፍ ያስደርጋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ከሰቀለው ወዲህ፣ ያለውን ሞተር አድሶና አጠናክሮ ማቆየት ከአዲስ ግዢ የተሻለ ሒሳብ ሆኗል። እኔ ይህን አልቃወምም። የደጋ ሞተር ቱርቦ ቢፈልግ ተገቢ ነው፤ ከፍታው የወሰደበትን አየር የሚመልስለት እሱ ነው።

ሥራው ተጀምሮ ቴስታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ መክደኛ፣ ሲነሣ ግን ጋራዥ ውስጥ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ባለመኪናው ወንበር ስቦ ይቀመጥና፣ «ጋሼ፣ ጉልበት ከጨመርንለት ብሎኖቹንም በጠንካራ ብንቀይራቸው አይሻልም?» ይላል። አንዳንዱ መካኒክ፣ «አዎ፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ዘጠኙን አምጣልኝ» ይላል። ሌላው፣ «ወንድሜ፣ የራሱ ብሎን ምን አለው? አጽድቼ እመልሰዋለሁ» ብሎ ይገላግለዋል። ሁለቱም መልሶች ሞተር ሲያበላሹ ይታያል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን ትክክለኛ መልስ ለማስረዳት የተጻፈ ነው፤ ምክንያቱም በአንዲት ትንሽ ዕቃ ላይ የሚደረግ ስሕተት የሞተሩን ሙሉ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

መጀመሪያ የቴስታ ብሎን ሥራው ምን እንደሆነ እንይ። ብዙ ሰው ብሎንን እንደ ምስማር ያስበዋል፦ ሁለት ነገር አያይዞ የሚቆም። የቴስታ ብሎን ግን የሚሠራው ተስቦ ነው። ሲጠበቅ በጥቂቱ ይረዝማል፤ የረዘመው ብረት ወደ ነበረበት ለመመለስ ሲጎትት ቴስታውን፣ በመካከል ያለውን ጋርኒሲዮንና ብሎኩን አጣብቆ ይይዛል። የጭነት መጫኛ ገመድ ተወጥሮ ሲታሰር ጭነቱን እንደሚይዘው፣ ሲላላ ግን በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ጭነቱን እንደሚለቀው ማለት ነው። ጋርኒሲዮኑን የሚጠብቀው ይህ መሳሳብ ነው።

ኃይሉ ትንሽ አይደለም። የ1ኤችዜድ ፒስተን 94 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የላዩ ገጽ ወደ 69 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በቃጠሎው ቅጽበት በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ለምሳሌ 100 ባር ቢደርስ ቴስታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 7 ቶን ያህል ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ ቃጠሎ ይደጋገማል። ቱርቦ ተገጥሞ ግፊቱ ወደ 120 ባር ቢወጣ ኃይሉ 8 ቶን ተኩል ይደርሳል። በዙሪያው ያሉት ብሎኖች አስቀድመው የሳቡት ከዚህ በበቂ መጠን ካልበለጠ ቴስታው በፀጉር ስፋት ይነሣል። ጋዙ በዚያች ክፍተት ይሾልክና የጋርኒሲዮኑን ጠርዝ ይበላዋል፤ ከዚያ ውኃው ሲሊንደር ውስጥ፣ ጋዙ ራዲያተር ውስጥ ይገባል። ክዳኑን ሲከፍቱት ውኃው አረፋ የሚደፍቅ ሞተር ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጥንካሬው እንምጣ። በሚሊ ሜትር የሚለካ የጥሩ ብሎን ራስ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፦ 8.8፣ 10.9 ወይም 12.9። የመጀመሪያው ቁጥር በመቶ ሲባዛ ብረቱ እስኪበጠስ የሚችለውን መሳብ በሜጋፓስካል ይነግረናል። ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከዚያ ውስጥ ስንት አሥረኛው ላይ ሲደርስ ብሎኑ ተስቦ እንደሚቀር፣ ማለትም ወደ ቀድሞ ርዝመቱ መመለስ እንደሚያቅተው ያሳያል። 8.8 የተባለው በ640፣ 10.9ኙ በ900፣ 12.9ኙ በ1,080 ሜጋፓስካል ተስቦ ይቀራል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 10.9 ብሎን ሳይበላሽ 7 ቶን ያህል፣ 12.9 የሆነው ደግሞ ከ8 ቶን በላይ ይሸከማል።

ይህን ያየ ሰው 12.9 ይሻላል ማለቱ አይገርምም። የሚረሳው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ። የ8.8 ብረትም ሆነ የ12.9 ብረት የመለጠጥ ባሕርያቸው አንድ ነው። በአንድ ዓይነት ቶርክ (የማጥበቂያ ጉልበት)፣ በአንድ ዓይነት ቅባት ከተጠበቁ ቴስታውን የሚይዙት በእኩል ኃይል ነው። የጠንካራው ብሎን ጥቅም የሚመጣው ከቀድሞው ይበልጥ እንዲሳብ ከተደረገ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ከፍ ያለ የማጥበቂያ ቁጥር ይጠይቃል። 12.9 ገዝቶ በመጽሐፉ በተጻፈው የድሮ ቁጥር ያጠበቀ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ምንም አልጨመረም። ዝም ብሎ በግምት አብዝቶ ያጠበቀ ደግሞ የብሎኩን ጥርስ ሊነቅል፣ ጋርኒሲዮኑን ከልክ በላይ ሊጨፈልቅ፣ ሲሊንደሩንም ሊያጣምም ይችላል። በብሎኩ ውስጥ ያለው ጥርስ ያው የድሮው ነው፤ ብሎኑ ስለ ጠነከረ እሱ አይጠነክርም።

የማጥበቅ ነገር ከተነሣ ጥቂት ልቆይበት፤ አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ላይ ነውና። በቶርክ ሬንች ከምናወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከብሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ ይበላል፤ አርባ በመቶ ያህሉ በጥርሱ ሰበቃ ያልቃል። ብሎኑን የሚስበው የቀረው አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰበቃው ትንሽ ሲለዋወጥ የብሎኑ መሳሳብ በብዙ ይለዋወጣል። ዘይት የነካ አንድ ብሎንና ደረቅ፣ አቧራ የያዘ ጎረቤቱ በሬንቹ ላይ አንድ ቁጥር አሳይተው አንዱ ቴስታውን ጨምድዶ ሲይዝ ሌላው ላላ ብሎ ይቀራል። ደብረ ብርሃን በበጋ ነፋሷ አቧራ ታነሣለች፤ በር ተከፍቶ፣ ብሎኖቹ ጣሳ ላይ ተዘርግተው የሚውሉበት ጋራዥ ውስጥ ይህ አቧራ በየጥርሱ ይገባል።

ሥራውን በወጉ የሚሠራ መካኒክ እንዲህ ያደርጋል። እያንዳንዱን ብሎን በናፍጣ አጥቦ በሽቦ ብሩሽ ይጠርጋል፤ ጥርሱን በጥፍሩ እየዳሰሰ ያልፋል። ከዚያ በካሊፐር ይለካዋል። ተስቦ የቀረ ብሎን መሐሉ ላይ ይቀጥናል፤ ልዩነቱ በዓይን አይታይም፣ በካሊፐር መንጋጋ ግን ይለያል። ከወሰኑ በታች የቀጠነው ወደ ጎን ይጣላል። የብሎኩን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በአየር ይነፋቸዋል፤ ታችኛው ጫፋቸው በተዘጋ ቀዳዳዎች ውስጥ ዘይት ወይም ውኃ ከቀረ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላልና። ጥርሱንና የራሱን ሥር በስሱ ዘይት ይቀባል። ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳርና ዳር በየተራው፣ በመጀመሪያ በትንሽ ቶርክ፣ ቀጥሎ በሙሉው ያጠብቃል።

በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ሥራው እዚያ አያበቃም። የብሎኖቹ ራስ ላይ በአንድ አቅጣጫ ነጭ ቀለም ይነጠባል። ከዚያ እያንዳንዱ ብሎን 90 ዲግሪ፣ ማለትም ሩብ ዙር ይዞራል፤ እንደገና በየተራው ሌላ ሩብ ዙር። ሲጨረስ ወደ ሞተሩ ፊት ይመለከቱ የነበሩት ነጭ ነጥቦች ሁሉ ወደ ኋላ ዞረዋል፤ አንዱ ቀርቶ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። ይህ አሠራር ሰበቃን ስለማይቆጥር ከቶርክ ቁጥር ብቻ የተሻለ እኩልነት ይሰጣል። እንዲህ ያለው ብሎን ሆነ ተብሎ ተስቦ መቅረት ወደሚጀምርበት ወሰን ድረስ ይጎተታል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ አንዴ ከተፈታ አይመለስም፣ ይጣላል፤ በሌሎች ላይ ተለክቶ ካለፈ ይመለሳል። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው የሞተሩ መመሪያ ነው። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥሎ «እምቢ እስኪል» ማጥበቅ ለዚህ ዓይነቱ ብሎን ሞቱ ነው።

እስካሁን ያልኩት በየትኛውም አገር ይሠራል። የሰሜን ሸዋን ጉዳይ ለየት የሚያደርገው ከፍታው ነው፤ ያውም አብዛኛው ሰው በማይጠብቀው በኩል።

ቱርቦ ያለው ሞተር ግፊቱን የሚቆጣጠርለት መሣሪያ በአብዛኛው የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ስንት ጨመረ የሚለውን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 0.6 ባር እንዲጨምር የተስተካከለ ቱርቦ ሞተሩ ውስጥ የሚያስገባው አየር በድምሩ 1.3 ባር ገደማ ነው። ያው መኪና ጭኖ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ድምሩ ወደ 1.47 ባር ይጠጋል። ጅቡቲ ወደብ ደርሶ ሲመለስ፣ ባሕሩ ዳር ላይ፣ ከ1.6 ባር ያልፋል፤ ደጋው ላይ ከነበረው በሃያ ከመቶ በላይ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፖምፓው ደጋ ላይ ተከፍቶ ከነበረ፣ እዚያ አየር አጥቶ በጥቁር ጭስ ይወጣ የነበረው ትርፍ ናፍጣ ቆላ ላይ አየር አግኝቶ ይቃጠላል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት የሚያሻቅበው ታዲያ ያኔ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ተሞክሮ «በጣም ጥሩ ሆኗል» የተባለ ሞተር የቴስታ ብሎኑ በእውነት የሚፈተነው አፋር ሜዳ ላይ፣ አሸዋው በሚግልበት ቀትር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ብቻ ለሚመላለስ መኪና የሚበቃ ብሎን ወደብ ለሚወርድ መኪና ላይበቃ ይችላል። መኪናው የት የት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ ብሎን የሚመርጥ መካኒክ ግማሹን ሥራ አልሠራም።

ዳገቱ ላይ ጋርኒሲዮን የሚያቃጥለው ደግሞ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ91 ዲግሪ ግድም ነው። ጣርማበር ላይ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ሞተር በጤናው ጊዜ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይሠራል፤ ዳገት ላይ ከዚያ ይዘላል። ውኃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ደብረ ብርሃን ላይ የመፍያውን ሙቀት ወደ 114 ዲግሪ ይሰቅለዋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ጣርማበር ላይ ውኃውን ያስፈላዋል፤ ውኃው ወደ እንፋሎት በተለወጠበት ቦታ ቴስታው ማቀዝቀዣ ያጣል፣ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ከዚያ መኪናው ተጎትቶ ይመጣና ተጠያቂው ብሎኑ ይሆናል። የተጣመመ ቴስታ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ሳይስተካከል በምንም ዓይነት ብሎን ቢታሰር ተመልሶ ጋርኒሲዮን መብላቱ አይቀርም። በእኔ ግምት በዚህ መንገድ በጋርኒሲዮን ምክንያት ከሚወርዱ ሞተሮች ብዙዎቹን ያጠፋው ክዳን፣ የተደፈነ ራዲያተርና ከቧንቧ የተቀዳ ተራ ውኃ ነው።

1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ ሲገጠምም መጀመሪያ የሚመታው ሙቀት ነው። ይህ ሞተር ናፍጣውን ማቃጠል የሚጀምረው ቴስታው ውስጥ ባለች ትንሽ ጓዳ ውስጥ ነው፤ በናፍጣ ብዛት የጭሱ ሙቀት ካለልክ ሲወጣ ቴስታው በዚያች ጓዳና በቫልቮቹ አካባቢ ይሰነጠቃል። ብሎን ይህን አያድንም። የጭስ ሙቀት መለኪያ ገጥሞ ናፍጣውን በልክ ማድረግ ያድነዋል። አውስትራሊያ ውስጥ በዚህ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም የቆየ ሥራ ነው፤ ልከኛ ግፊት የሚሰጡት ግጥሞች በአብዛኛው የፋብሪካውን ብሎን ይዘው ይሠራሉ።

ከቴስታ ብሎን ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ የቢሌላ፣ ማለትም ፒስተኑን ይዞ የሚወጣና የሚወርደው ክንድ፣ ብሎን ነው። የቴስታ ብሎን ቢከዳ ጋርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ውኃ ይፈስሳል፣ መኪናው ይቆማል። የቢሌላ ብሎን ቢበጠስ ቢሌላው ብሎኩን በስቶ ይወጣል። ያ ሞተር ከዚያ በኋላ ብረት ነው።

የቢሌላ ብሎንን የሚጎትተው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ የሚፈጠረው ጉተታ ነው፤ ይህ ጉተታ ከዙሩ ፍጥነት ጋር በካሬ ያድጋል። በደቂቃ 3,000 የሚዞር ሞተር 3,600 ቢዞር ፍጥነቱ የጨመረው በሃያ በመቶ ነው፤ በብሎኑ ላይ ያለው ሸክም ግን በ44 በመቶ አድጓል። ስለዚህ ቱርቦ ብቻ የተገጠመለት፣ ዙሩ ያልተነካ ናፍጣ ሞተር ለቢሌላ ብሎኖቹ ይህን ያህል አዲስ ጠላት አላመጣባቸውም። የፖምፓውን የዙር ገደብ አስፈትቶ የሚያስጮኸው ሰው ግን አምጥቶባቸዋል።

ቁልቁለቱም እዚህ ላይ ይመጣል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ የጫነ መኪና ፍሬኑ ሲግልበት ሾፌሩ ዘግይቶ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይመታዋል። ያን ጊዜ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። የፖምፓው መቆጣጠሪያ ናፍጣውን ቢቆርጥም የጎማውን ግፊት መከልከል አይችልም፤ ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር አልፎ ይጮኻል። የቢሌላ ብሎኖች ከባዱን ሸክም የሚቀበሉት በዚያ ጩኸት ውስጥ ነው። ብዙ ሾፌሮች ዳገቱን ሞተር የሚያደክም፣ ቁልቁለቱን ሞተር የሚያሳርፍ አድርገው ያስባሉ፤ ለቢሌላ ብሎን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ሞተር ሲታደስ የቢሌላ ብሎኖችን በአዲስ መቀየር በዚህ መንገድ ለሚሠራ መኪና እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም።

ታዲያ የተሻሻሉት ብሎኖች መቼ ነው የሚያስፈልጉት? በዓለም ላይ በዚህ ሥራ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ በ1968 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመው ኤአርፒ የተባለው ድርጅት ነው። ለእሽቅድምድም ሞተሮች የሚሠራቸው ብሎኖችና ስታዶች ከ12.9 በላይ ከሆነ ብረት የተሠሩ አሉ። ስታድ የምንለው ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው፣ በአንዱ ብሎክ ውስጥ ገብቶ በሌላው በዳዶ የሚታሰረውን ነው። ብሎን ሲጠበቅ ይሳባልም ይጠመዘዛልም፤ ስታድ ግን በእጅ ገብቶ ይቀመጥና የሚዞረው ዳዶው ስለሆነ በአብዛኛው የሚቀበለው መሳብን ብቻ ነው። የብሎኩ ጥርስም ቴስታው በተነሣ ቁጥር አይፈተግም። ሞተሩ በከፍተኛ የቱርቦ ግፊት እንዲሠራ ከተፈለገ፣ ቴስታውም በተደጋጋሚ የሚነሣ ከሆነ፣ ስታድ ዋጋው ይገባዋል።

ግን ብቻውን አይመጣም። አምራቹ ከስታዱ ጋር የሚሰጠው የራሱ ቅባትና የራሱ የማጥበቂያ ቁጥር አለው፤ በሞተሩ መመሪያ ቁጥር ማጥበቅም፣ በሞተር ዘይት ቀብቶ የአምራቹን ቁጥር መጠቀምም ስሕተት ነው። ጋርኒሲዮኑም ያን ኃይል የሚችል፣ የብረት ንጣፍ ያለው ቢሆን ይመረጣል። የቢሌላ ብሎን በጠንካራ ከተቀየረ ደግሞ ቢሌላው ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት፤ አዲሱ ብሎን በተለየ ኃይል ሲያስረው የብሮንዚናው ቀዳዳ ክብነቱን ያጣል፣ ተለክቶ እንደገና መከብከብ ይኖርበታል። ይህን ሳያደርጉ ውድ የቢሌላ ብሎን መግጠም ብሮንዚና ማስበላት ነው።

የዕቃው አመጣጥ ሌላው ጣጣ ነው። በ1879 እ.ኤ.አ. ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አንኮበር ምኒልክ ዘንድ ሲደርስ መሣሪያ ከባሕር ዳር በግመልና በበቅሎ ነበር የሚመጣው፤ ዛሬ የደብረ ብርሃን ጋራዥ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ደውሎ በማግሥቱ ያገኛል። የሚያገኘው ግን የታዘዘው መሆኑን ማን ያረጋግጣል? 12.9 የሚል ቁጥር መቅረጽ ለማንም አይከብድም። ራሱ ላይ የአምራች ምልክት የሌለው፣ ቁጥሩ የደበዘዘ፣ ጥርሱ ሸካራ የሆነ ብሎን ለቴስታ አይሆንም። ከሌላ ሞተር የወጣ ያገለገለ ብሎንም እንደዚያው። በጣም ጠንካራ ብረት የራሱ ድክመት እንዳለበትም ማወቅ ይገባል፦ 12.9ና ከዚያ በላይ የሆነ ብሎን ዝገቱ እንዲለቅ አሲድ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ሃይድሮጂን በብረቱ ውስጥ ይገባና ከቀናት በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ ድንገት ሊበጠስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥፋት ለስለስ ያለው 8.8 አያውቀውም።

እኔ ብጠየቅ መልሴ እንዲህ ነው። ሞተሩ ልከኛ ቱርቦ የሚገጠምለት ላንድ ክሩዘር ከሆነ የፋብሪካው ዓይነት አዲስ ኦርጅናል ብሎን፣ በትክክለኛው ዘዴ የተጠበቀ፣ ይበቃዋል፤ ለስታድ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ለራዲያተር፣ ለክዳን፣ ለማቀዝቀዣ ፈሳሽና ለጭስ ሙቀት መለኪያ ይዋል። ጭኖ ጅቡቲ የሚወርድና ግፊቱ ከፋብሪካው በላይ የተሰቀለ ሞተር ከሆነ፣ ወይ ግፊቱ በቆላው ልክ ዝቅ ይበል፣ ወይ ስታዱ ከነጋርኒሲዮኑና ከነማጥበቂያ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ይግባ። አንዱን አድርጎ ሌላውን መተው ገንዘብ ማባከን ነው። ዙር የተጨመረለት ሞተር ከሆነ ከቴስታው በፊት ስለ ቢሌላው ይታሰብ።

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ጋራዥ የከፈታችሁ፦ በየዓመቱ የሚመረመር አንድ ጥሩ ቶርክ ሬንችና አንድ ካሊፐር ይኑራችሁ፤ ለተማሪ ልጆቻችሁም ከቧንቧው በፊት እነዚህን አስይዟቸው። ባለመኪኖች ደግሞ ቴስታ በተነሣ ቁጥር ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ብሎኖቹ ተለክተዋል ወይ? ቴስታው ቶርኖ ቤት ደርሷል ወይ? የማጥበቂያው ቁጥር ከየት የተገኘ ነው? መልስ ካጣችሁ ሞተሩ እንዲገጠም አትፍቀዱ።